ቀስት የሚጠይቅ ሰው

ዋሳው፣ ዊስኮንሲን
ጁን 22 ቀን 1997

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ቺያ ኳ
ኖንግ ሄት፣ ላኦስ

በአያታችን ምድጃ ዙሪያ ያደግን ሁሉ፣ የቀረነው ጥቂቶቹ፣ በጤና እንሁን። ሩዝዎ ይብዛ፤ አሳማዎችዎ ይወፍሩ፤ ጣሪያዎ ዝናቡን ይቻለው። እኔ፣ ባለቤቴ ባውና ልጃችን ፔንግ ደህና ነን። ፔንግ ሃያ አራት ዓመት ሞላው። በቁመት አልፎኛል፤ በወሬም እናቱን ለማለፍ ጥቂት ቀርቶታል።

ከሁለት ዓመት በፊት የወረቀት ፋብሪካው ማሽን ቀኝ ትከሻዬን ከጎተተኝ ወዲህ ክንዴ ከአገጬ በላይ አይወጣም። ስለዚህ ሐኪሙ ወረቀት ጻፈልኝ። በዚህ አገር ጤነኛ ሰው አጋዘን በባለቃታ ቀስት እንዲያድን አይፈቀድለትም፤ አካሉ ለተጎዳ ግን ይፈቀዳል። አባቶቻችን በሙሉ ጤናቸው ይዘውት የዞሩትን ነገር እኔ ለመያዝ መጀመሪያ መሰበር ነበረብኝ። ባው ወረቀቱን መስታወት አስገብታ ሰቅላዋለች። እንግዳ ሲመጣ ዲግሪ ይመስለዋል።

ባለፈው መከር ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ባለቃታ ቀስት ተውሼ ነበር። ጣቴ ቃታው ላይ ሳይደርስ በራሱ ተለቀቀ። ፍላጻው ሜፕል ዛፍ ላይ ተሰካ፤ ከመሬት አንድ ሜትር ከስልሳ አምስት ላይ። ማንም አልተጎዳም። ቀስቱን በማግስቱ መለስኩ።

ዘንድሮ የራሴን መያዝ እፈልጋለሁ። ሱቁ ውስጥ አሥራ አንድ ዓይነት አለ፤ ሻጩ እንደሚለው ከሆነ አሥራ አንዱም የሚታመኑ ናቸው። እርስዎ ከልጅነትዎ ጀምሮ ስንት መቶ እንደሠሩ አላውቅም። የሚታመን ቀስት በምን ይታወቃል? ከተቻለዎት ደግሞ እጅዎ ከሠራው አንዱን ይላኩልኝ፤ አይቼው ልማርበት። አክስት ዪያ ዘመድ ልትጠይቅ እዚያ ናት፤ በእሷ እጅ ይመጣል። የአደኑ ወቅት የሚከፈተው በሴፕቴምበር አጋማሽ ነው።

ከዚህ ምን ልላክልዎ? ሳያፍሩ ይንገሩኝ።

ታናሽዎ ናው ቹ


ኖንግ ሄት
ሩዙ ጉልበት በደረሰበት ወር (የመንደራችን መምህር ጁላይ 28 ነው ይላል፤ አልተከራከርኩትም)

ለወንድሜ ለናው ቹ

የቤትህን ደጃፍ ክፉ እግር አይርገጠው፤ እንቅልፍህም የሕፃን ይሁንልህ። ደብዳቤህ እኔ ዘንድ ለመድረስ ሠላሳ ሦስት ቀን ፈጀበት። አንተ አገር ጥለህ ስትሸሽ በእግርህ ሜኮንግ ወንዝ የደረስከው ከዚያ ባነሰ ቀን ነው፤ ያውም እየተተኮሰብህ።

ስለ አደን ለጠየቅከኝ እነሆ መልሱ። ሻጩን አትስማው፤ እኔንም ብዙ አትስማኝ። ቀስቱን ወጥረህ፣ ጫፉ የደነዘ ፍላጻ አግባበት፤ ያለ ፍላጻ አውታር የሚለቅ ሰው ደጋኑን ይሰብራል፤ አንዳንዴም ጣቱን ይጨምርበታል። ከዚያ ወደ አፈር ክምር አዙረህ ሰደፉን በመዳፍህ ምታው። ከጉልበትህ ከፍታ ሣር ላይ ጣለው። ይዘኸው አስነጥስ። ይህን ሠላሳ ጊዜ አድርግ። አንድ ጊዜ እንኳ ያላዘዝከውን ካደረገ አቃጥለው። ለሰው አትስጠው፤ አቃጥለው።

አሁን ወደ ዛፉ ልመለስ። አንድ ሜትር ከስልሳ አምስት ብለሃል። ፍላጻው የሳተበት ሰው «ዛፍ መታሁ» ብሎ ያልፋል እንጂ ሜትር ይዞ አይለካም። አጠገቡ የቆመ ነገር ባይኖር አትለካውም ነበር። ፔንግ በቁመት አልፎኛል ብለሃል። አንተን ደግሞ ስትሄድ አውቅሃለሁ፤ ጎሽ ጀርባ ቆመህ ጭንቅላትህ ብቻ ነበር የሚታየው። እንግዲህ ፔንግ ስንት ይሆናል?

መልስልኝ፤ ወይም አትመልስልኝ። የጠየቅከኝንም፣ ሳትናገር የተውከውንም ሰምቻለሁ። ቀስቱን አክስት ዪያ ይዛልህ ትመጣለች። አትፍራ። ማንም ወንድ አንድ ቀን ይጠይቃል።

የማንበቢያ መነጽር ላክልኝ። ቁጥሩን አላውቅም፤ አንተ የምታደርገው ዓይነት፣ አሥር ዓመት የጨመረ። ከዚያ ጥቁሩ የሳል ሽሮፕም አንድ ጠርሙስ፤ ለጎረቤት ነው።

ቺያ ኳ


ዋሳው
ኦገስት 24 ቀን 1997

ለጋሼ ቺያ ኳ

ጤናዎ ከተራራው ይጽና። ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ ምክርዎን እንደ ትእዛዝ ፈጽሜዋለሁ።

ፔንግ ለማስተርጎም አብሮኝ ሱቅ ሄደ። ሻጩ ኦርቪል ይባላል፤ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል። መንኮራኩርና ሽቦ የበዛበት አንዱን አወረደልን።

«ይሄ ፍላጻውን በሰከንድ ሰማንያ ሜትር ይወረውራል» አለ።

«አባቴ የሚጠይቀው ቢያስነጥስ ይለቀቃል ወይ ነው» አለው ፔንግ።

ኦርቪል እኔን አየኝ፤ ፔንግን አየው። «ማን ሲያስነጥስ?»

«አባቴ።»

«ጌታው፣ አጋዘን ፊት ካስነጠሱማ ችግርዎ ቀስቱ አይደለም።»

ከዚያ ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ ሌላ አወጣ። «ይሄ ደግሞ መንኮራኩር የለው፣ ሽቦ የለው። አውታሩ ቢበጠስ እዚያው ጫካ ውስጥ በእጅዎ ይቀይሩታል። ቀርፋፋ ነው። እኔ ራሴ የምይዘው ግን ይሄን ነው።»

«ለምን ቀድሞ እንዳላሳየን ጠይቀው» አልኩ።

«ርካሽ ስለሆነ ነዋ!» አለ ኦርቪል፣ ቅንጣት ሳያፍር። በዚህ አመንኩትና ገዛሁት። በመዘውር ስለሚወጠር ትከሻዬ ቻለው።

ጓሮ ውስጥ ሠላሳውን ፈተና አደረግኩ። ማስነጠሱን ያለ ቃሪያ ዱቄት አልቻልኩትም። ጎረቤታችን ሚስዝ ሃልቨርሰን በአጥሩ ላይ «ይማርህ» ስትለኝ ቆየችና ከአሥራ ሁለተኛው በኋላ ወደ ቤቷ ገብታ መጋረጃውን ዘጋችው። ቀስቱ ሠላሳውንም ጊዜ ያዘ። ዓይኔ ግን እስከ ማታ አነባ። ቃሪያው ይሆናል።

መነጽሩን እያፈላለግኩ ነው። አክስት ዪያ በዚህ ሳምንት ትመለሳለች ተብሏል።

ናው ቹ


ዋሳው
ኦገስት 31 ቀን 1997

ጋሼ፣

ሰላምታዬ ስላጠረ ይቅር ይበሉኝ። አክስት ዪያ ትናንት መጣች። በረንዳው ላይ ቆማ አልገባም አለች።

«አክስቴ፣ ይግቡ እንጂ» አለቻት ባው።

«እግሬ ጭቃ ነው።»

«እግርዎ ሁልጊዜ ጭቃ ነው፤ ሁልጊዜም ይገባሉ።»

«ዛሬ አልገባም አልኩ! ተሸከምኩ እንጂ አልከፈትኩትም፤ አላየሁም።» በሰሌን የተጠቀለለውን ነገር በረንዳው ላይ አስቀመጠች። ስትሄድ እኔን ያየችኝ ሰው የተነሳበትን ወንበር እንደሚያዩት ነው።

ፈታሁት። ክንድ የሚያህል ቀስት ነው፤ ጭስ አጥቁሮታል፤ አውታሩ ቃጫ ነው። የቃታው ቦታ በቢላ ጫፍ ተሥሏል እንጂ አልተቦረቦረም። እንዲህ ያለ ቀስት በዕድሜዬ ሦስት ጊዜ አይቻለሁ፤ ሦስቱንም ከሬሳ ጎን። ሟች መንገድ ላይ የሚገጥመውን ሁሉ እንዲያስፈራራበት ይሰጠዋል፤ ቃታ የሌለው ወደ ኋላ ዞሮ ዘመዱን እንዳይወጋ ነው። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ጋሼ፣ የማን ነው?

የጠየቁኝን ሳልመልስ ሱቅ ለሱቅ ሳዞርዎት ከረምኩ። እነሆ መልሱ፦ ፔንግ አንድ ሜትር ከሰባ ነው። ዛፉ ሥር ቆሞ ነበር። የጫማው ክር ተፈትቶበት ጎንበስ አለ፤ ያን ጊዜ ቀስቱ ተለቀቀ። ቀና ሲል ፍላጻው ግንባሩ በነበረበት ቦታ ይርገበገባል። «አባዬ፣ ለካ ሰነፍ ቋጠሮ ያድናል!» ብሎ ሳቀ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ አልሳቅኩም። ለባው አልነገርኳትም። ልጄን ልገድለው እንደነበር ያወቁት ፔንግ፣ ዛፉና አሁን እርስዎ ናችሁ።

ቀስቱ ለእኔ ከሆነ እችለዋለሁ። ያዩት ክፉ ምልክት ካለና ለፔንግ ከሆነ ግን አሁኑኑ ይጻፉልኝ። ወቅቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይከፈታል፤ እሱ ደግሞ እሄዳለሁ ማለቱን አይተውም።

ናው ቹ


ዋሳው
ሴፕቴምበር 27 ቀን 1997

ጋሼ፣ ደህና ነዎት?

ከእርስዎ ምንም አልመጣም። ወቅቱ ከተከፈተ ሁለት ሳምንት ሆነ። ቀስትዎን ቤት ማስገባት ስላልደፈርኩ ጋራዡ ውስጥ ከሣር ማጨጃው በላይ ሰቅዬዋለሁ። ፔንግ መኪናውን መንገድ ላይ ማቆም ጀምሯል።

የፔንግን ጫማ ደበቅኩት።

«አባዬ፣ የአደን ጫማዬን አይተሃል?»

«ልጠገን ብሎ ሱቅ ሄዷል።»

«ራሱ ተነስቶ ሄደ?»

ባው ለራት ዓሣ ልታወጣ ማቀዝቀዣውን ስትከፍት ያገኘችውን በረዶ የሆነ ጫማ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ቁጭ አለች። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። ትጮሃለች ብዬ ነበር። እሷ ግን፣ «ፔንግ ይበላል፤ ይተኛል፤ ሲያንኮራፋ ግድግዳው ይሰማል። የእሱ ነፍስ የትም አልሄደች። ደንግጣ የወደቀችው ያንተ ናት፤ አሁንም እዚያ ሜፕል ሥር ናት። ሄደን እንጥራት» አለችኝ።

የቀስቱን ባለቤት ሳላውቅ ዛፉ አጠገብ አልደርስም አልኳት። ፔንግ ብቻዬን ለአደን እሄዳለሁ ብሎ ነበር፤ አንድ ሳምንት ስጠኝ ብዬ ለመንኩት። «ሁለት ወስደሃል፤ ሦስተኛውን እንደ ስጦታ ቁጠረው» አለኝ።

ይጻፉልኝ። ቃሉ ክፉም ቢሆን ይጻፉልኝ።

ናው ቹ


ኖንግ ሄት
ማጨድ በጀመርንበት ወር (መምህሩ ኦክቶበር 2 ይላል)

ለናው ቹ፣ በሕይወት ላለኸው ወንድሜ

አለመሞትህን በራስህ ጽሕፈት ስላየሁ ዶሮ አርጃለሁ። ዶሮይቱ በስህተቴ ሞተች፤ ሾርባዋ ግን ጥሩ ነበር።

አሁን አስብ። ሃምሳ አምስት ዓመት ሞልቶሃል፤ ትከሻህ ተሰብሯል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሩዝ፣ ጋብቻና ፎቶግራፍ ስትጽፍልኝ ኖረህ ድንገት «እጅዎ ከሠራው ቀስት አንድ ይላኩልኝ» አልክ። እዚህ ቀስት የሚለምን ወንድ አይተህ ታውቃለህ? ሁሉም የራሱን ይሠራል። ከአባቱ ወገን ቀስት የሚጠይቅ ሰው ለመሄድ የተሰናዳ ብቻ ነው። እሱም ስለ ሞት አያወራም፤ ነውር ነው፤ ስለ አጋዘን ያወራል። የሚሰማውም ስለ አጋዘን ይመልስለታል። አባትህ ታላቅ ወንድሙን አባቴን እንዲሁ ነበር የጠየቀው፤ ሁለቱም አንድ ቀን ሙሉ ስለ አጋዘን ዱካ አወሩ፤ ሁለቱም አለቀሱ። አንተ ያኔ ውሃ ልትቀዳ ሄደህ ነበር፤ ለዚህ ነው ያልተማርከው።

እኔም እንደ ወጉ መለስኩልህ። ሻጭ፣ ሱቅ፣ አሥራ አንድ ዓይነት ስትል «ወንድሜ አገሩን ሲለቅ እንኳ ጨዋነቱን አልለቀቀም» ብዬ ተገረምኩ። ለካ የምርህን ነው።

ስለዚህ ስማ። በፔንግ ላይ ያየሁት ነገር የለም። በአንተም ላይ የለም። ሁለት ወር ያስፈራህ የእኔ ሞኝነት ነው። ለባው ንገራትና የምትልህን አድርግ፤ በቤትህ ከወንዶቹ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ልጽፈው አልፈለግኩም። አክስት ዪያ ከእኛ ተነስታ ወደ ሌሎቹ ዘመዶች ለመሄድ አራት ቀን ነበራት። እንጨት ጭስ ጠግቦ እስኪደርቅ ዓመት ይፈጃል። የላክሁልህ የራሴን ነው። ታላቅ ወንድሜ ከመሞቱ በፊት የሠራልኝ ነበር። የተሰጠ የሬሳ ቀስት ደግሞ አይመለስም፤ ይህንንም ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። የአደኑን እንጂ የሬሳውን ቀስት ሰው ለራሱ አይሠራም። ከአያታችን ወገን ለእኔ የሚሠራ ወንድም አንተ ብቻ ቀርተሃል።

አትቸኩል። ብዙም አትዘግይ።

ሽሮፑን ሁለት ጠርሙስ አድርገው። ጎረቤቱ ብሶበታል።

ቺያ ኳ


ዋሳው
ኖቬምበር 9 ቀን 1997

ለጋሼ ቺያ ኳ

የሚጠብቁዎት አባቶቻችን ገና ብዙ ይጠብቁ። ደብዳቤዎ የዛሬ ሁለት ሳምንት ደረሰኝ፤ በማግስቱ ሜፕሉ ጋ ሄድን።

ባው እንቁላል፣ ሩዝና አንዲት ዶሮ ይዛ በዛፉ ሥር ስሜን እየጠራች «ና ወደ ቤትህ፤ እዚህ ይበርድሃል፤ ምግብህ ሞቋል» አለች። አንድ አዳኝ በዚያ ሲያልፍ ቆመና ቆቡን አወለቀ። ማን እንደሞተ ፔንግን ጠየቀው። «እስካሁን ማንም» አለው ፔንግ።

ከትናንት በስቲያ ለአደን ወጣን። ፔንግ ከኋላዬ እንዲቀመጥና እጁን ጀርባዬ ላይ እንዲያኖር አደረግኩ፤ የት እንዳለ ሳልዞር እንዳውቅ። የጫማውን ክር እንዳያስር ከለከልኩት።

«አባዬ፣ ተደናቅፌ ብሞትስ?»

«ዝም በል።»

አጋዘኑ ጎህ ከቀደደ በኋላ መጣ። ቀስቱን አነሳሁ። ወዲያው መተኮስ እችል ነበር፤ አልተኮስኩም። ያላዘዝኩትን ያደርግ እንደሆነ ልየው ብዬ እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ። አጋዘኑም በትሕትና ጠበቀኝ። የፔንግ መዳፍ ጀርባዬ ላይ ሞቀ። ቀስቱ ያዘ። ሠላሳ ስል ቃታውን እኔ ሳብኩት፤ እኔ ራሴ። አጋዘኑ አርባ እርምጃ ያህል ሄዶ ተኛ። ፔንግ እጁን ለማንሳት ትንሽ ቆየ።

የእርስዎን ቀስት ሠርቻለሁ። እዚህ ደረቅ እንጨት የሚገኘው የመሣሪያ ሱቅ ነው፤ ስለዚህ የመጥረቢያ እጀታ ገዛሁ። ቃጫ አጣሁ፤ አውታሩ የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው። ግራ እጄ ሠራ፤ ቀኙ ተመለከተ። ከመነጽሩና ከአራት ጠርሙስ ሽሮፕ ጋር ዛሬ በፖስታ ሄዷል።

ስለ ጎረቤትዎ ሳል እያሰብኩ አልተኛሁም። ጋሼ፣ ያ ጎረቤት ስሙ ማን ነው?

ናው ቹ


ኖንግ ሄት
ጃንዋሪ 19 ቀን 1998

ለተከበሩ አጎቴ ለናው ቹ

ይህን የምጽፈው እኔ የወንድምዎ የቺያ ኳ ልጅ ማይ ሲ ነኝ። በጽሕፈቱ እንዳይደነግጡ፤ አባዬ አጠገቤ ነው፤ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። «በራሴ አፍ እንዳለሁ መጀመሪያ ጻፊለት፤ ሰውዬው ፈሪ ነው» ብሎኛል።

እንዲህ ይላል፦

«ወንድሜ፣ ቀስትህ ደረሰች። በአምስት ትውልድ ውስጥ እንዲህ ያለ አስቀያሚ ቀስት ከቤታችን አልወጣም። ወደ ግራ ዞራለች። አውታሯ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ሰደፏ ላይ የመጥረቢያው ፋብሪካ ማኅተም አለ፤ ማይ ሲ አነበበችልኝ፤ 'ከዝናብ ጠብቅ' ይላል። ይህን ይዤ አያታችን ፊት ብቆም መጀመሪያ የሚጠይቀኝ 'ማን ሠራልህ?' ብሎ ነው። ያንተን ስም እዚያ ላዋርድ አልችልም።

ስለዚህ በዚህች አልሄድም። ሌላ ሥራ። እንጨቱን ራስህ ቁረጥ፤ ዓመት አጭሰው፤ ቃጫ ፈልግ። እጠብቃለሁ፤ ምን አማራጭ አለኝ?

የጎረቤቱን ስም ጠይቀኸኛል። መነጽሩ ልኩ ነው።»

አባዬ እዚህ ላይ ደከመውና ተኛ። የቀረው የእኔ ቃል ነው። ከአዲሱ ዓመት ወዲህ ከአልጋው አልተነሳም። ቀስቲቱን ትራሱ አጠገብ አስቀምጧታል፤ ልናነሳት ስንሞክር ይቆጣል። ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ «ወንድሜ የሠራልኝ ናት» እያለ ያሳያል።

አጎቴ፣ እባክዎን፣ ሁለተኛዋን አይቸኩሉ።

ማይ ሲ